ቫይረስ ያለ ሴል ለምን አይባዛም?

ቫይረስ ብቻውን ሲሆን ምንም አይሠራም። አይመገብም፣ አያድግም፣ ጉልበት አያመነጭም። በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መመሪያ (ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ) ነው፤ አንዳንዱ ከላዩ የስብ ሽፋን ይደርባል፣ በቃ። አብዛኛው ባክቴሪያ ምግብና ምቹ ቦታ ካገኘ ራሱን ችሎ ለሁለት ይከፈላል። ቫይረስ ግን ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ማንነቱ የታወቀው ሚሚቫይረስ እንኳ፣ በግዝፈቱ መጀመሪያ ባክቴሪያ ነው የተባለለት፣ 1.2 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ተሸክሞ ራይቦዞም ፍለጋ አሜባ የሚባል ባለ አንድ ሴል ፍጡር ውስጥ ይገባል።

ለመግባት ሴሉ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ይዞ ይጣበቃል። ኤችአይቪ ሲዲ4ን፣ ኮቪድ-19ን የሚያመጣው ኮሮና ቫይረስ ደግሞ ኤሲኢ2ን ይይዛል። ኤሲኢ2 እዚያ ያለው ለራሱ ሥራ ነው፤ የደም ግፊትን በመቆጣጠር ይሳተፋል። ቫይረሱ ያገኘውን ተጠቀመ እንጂ ማንም በር አልከፈተለትም።

ከገባ በኋላ ያለው ነው እኔን የሚገርመኝ። የሴሉ መልእክተኛ አርኤንኤ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያውን ወደ ራይቦዞም የሚያደርሰው ቅጂ፣ ጫፉ ላይ እንደ ማኅተም ያለ ኬሚካላዊ ምልክት አለው፣ ራይቦዞሙም አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ የሚጀምረው በዚህ ማኅተም በኩል ነው። የፖሊዮ ቫይረስ ማኅተም የለውም። ግን አርኤንኤው ላይ፣ ከመነሻ ጫፉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ራይቦዞሙን በቀጥታ የሚስብ ቅርጽ አለው፤ ከዚያ የራሱን ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን) ያሠራና ማኅተሙን ከራይቦዞሙ ጋር የሚያገናኘውን የሴሉን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። የሴሉ ሥራ ይቆማል፣ የፖሊዮ ይቀጥላል! ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ዓይን ያወጣ ሌባ ነው፦ የሴሉ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ኒውክሊየስ ውስጥ ገብቶ የሴሉን ማኅተም ቆርጦ የራሱ አርኤንኤ ላይ ይለጥፋል።

ኤችአይቪ አይቸኩልም። አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሴሉ በተከፈለ ቁጥር የቫይረሱንም መመሪያ አብሮ ይቀዳለታል። መድኃኒት ቫይረሱን ጸጥ ቢያሰኘውም ጠራርጎ የማያስወጣው በዋናነት ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቫይረሱ የሚፈልገው የሴሉ ማሽን ራሱ ሥራ አቁሞ ይገኛል። መከፈል ያቆመ ሴል ዲኤንኤ መቅጃውን ስለሚያሳርፍ ፓፒሎማ ቫይረስ የሴሉን ፍሬን ይፈታዋል። ቫይረሱ የፈለገው ዲኤንኤውን ማስቀዳት ብቻ ነበር፤ ፍሬኑ ተፈትቶ ለዓመታት ሲቆይ ግን የማህጸን በር ካንሰር ሊከተል ይችላል።

መድኃኒት መሥራት የሚከብደውም ማሽኑ የእኛው ስለሆነ ነው። ራይቦዞሙን ብትመታው ራስህን ነው የመታኸው። የሄርፐስ መድኃኒቱ አሲክሎቪር ይህን በብልሃት ያልፈዋል፦ ሲዋጥ ገና አልነቃም፣ የሚያነቃው የመጀመሪያው እርምጃ በዋናነት የሄርፐስ ቫይረስ ራሱ በሚያሠራው ኢንዛይም ነው የሚካሄደው፤ ቫይረሱ በሌለበት ሴል ውስጥ መድኃኒቱ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈትቶ ይወጣል።