«ደማችንን ይሸጡታል» እና ስለ ሕክምና ጥናት የምንሰማቸው ሌሎች ስህተቶች

ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ስለ ሕክምና ጥናት የማይወራ ነገር የለም። አንዷ «አጎቴን መሞከሪያ አደረጉት» ትላለች። ሌላው «ደም እየሰበሰቡ ውጭ ይልካሉ» ይላል። ረዳቱም የራሱን ይጨምራል።

ወሬው እዚህ ሰፈር መብዛቱ አይገርምም። የሥጋ ደዌ ማዕከሉ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት አካባቢው ከከተማ ውጭ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የመጣ ሰው ብዙው ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ እዚያው ጎጆ ቀልሶ፣ ወልዶ ከብዶ ቀረ። አጠገቡ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ አህሪ የምንለው፣ በ1970 ሥራ ጀመረ። ከተመራማሪ ጋር ይህን ያህል ዘመን ተጎራብተንም ሥራቸው ምን እንደሆነ በወጉ የነገረን የለም።

በእኔ ግምት ከስህተቶቹ ሁሉ ሥር አንድ ስህተት አለ። ሐኪሙ መልሱን ያውቀዋል፣ ግን ይደብቀናል የሚል ነው። መልሱ ቢታወቅማ ጥናቱ ባላስፈለገ! (ከታች ያሉት ዓመታት አንዱ ብቻ ሲቀር የፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥናት ማለት ያልታወቀ መድኃኒት ድሃ ላይ መሞከር ነው»

ጥርጣሬው ከሜዳ አልመጣም። አሜሪካ ውስጥ ቱስኪጊ በሚባል ቦታ፣ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ሳይታከሙ «ተጠኑ»። ፔኒሲሊን እንደሚያድናቸው ከታወቀ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ዛሬ ጥናቱን አስቀድሞ የሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ታካሚው የሚፈርመው የስምምነት ፎርም የሚባሉት ነገሮች እንዲህ የጠበቁት በዚህና ይህን በመሰለ ግፍ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ለምን እኔን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ አይደለም።

ግን አብዛኛው ጥናት መድኃኒት የሚባል ነገር የለበትም። የታካሚ ካርድ ማገላበጥ፣ መጠይቅ መሙላት፣ ግፊትና ስኳር መለካት ነው። አዲስ መድኃኒት ያለበት ሲሆን መጀመሪያ በላቦራቶሪና በእንስሳት ያልፋል፣ ቀጥሎ በጥቂት ሰዎች ይታያል። በመቶዎች የሚቆጠር ታካሚ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ አገር ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቅዱ አይጀመርም።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለበት ሰው ድሮ 20 ወር ገደማ ይታከም ነበር። ከዚያ ውስጥ ወራቱን በመርፌ ያሳልፋል፤ መርፌው የአንዳንዱን ጆሮ ያደነቁራል። ሕክምናው በ9 ወይም በ11 ወር ቢያልቅስ? መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። «ስትሪም» የተባለው ጥናት ይህን ሊመልስ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ተሠራ። እዚህ ከተማ ውስጥ ከእንጦጦ ሥር ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና አህሪ ተሳትፈዋል። ውጤቱ በ2019 ወጣ። በረጅሙ ሕክምና ጥሩ ውጤት ያገኘው 79.8 በመቶ ነበር። በአጭሩ 78.8 በመቶ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ አንዱ ግን የሰውን ዕድሜ በግማሽ ያህል ያነሰ ነው የሚበላው። በሁለተኛው ዙር መርፌው ወጥቶ ቤዳኩዊሊን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ገባ። በ2022 በወጣው ውጤት የሚዋጠው 82.7 በመቶ፣ መርፌ ያለበት 71.1 በመቶ ሆነ።

«ለምን ድሃ አገር ላይ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። በሽታው ያለው እዚህ ነዋ። ቲቢ ብርቅ በሆነበት አገር ስለ ቲቢ ምን ይጠናል?

«ዕጣ አውጥተው አንዱን ያክማሉ፣ ሌላውን ይተዉታል»

ዕጣው እውነት ነው፤ ኮምፒውተር ያወጣዋል። መተዉ ግን ውሸት ነው። ለበሽታው የታወቀ ሕክምና ካለ፣ አዲሱ ያልደረሰው ሰው የታወቀውን ያገኛል። ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ክኒን፣ የሚሰጠው በጥብቅ ሁኔታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተጨምሮ።

ዕጣ ለምን አስፈለገ? ሐኪም ይምረጥ ከተባለ ሳያውቀው ጠንከር ያለውን ታካሚ ለአዲሱ መድኃኒት ይመድባል። ከዚያ መድኃኒቱ ጎበዝ ይመስላል። የጎበዘው ግን ታካሚው ነበር። ጀሞ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አይቸግርም፤ በ2014 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው ዕጣ ዳታው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙን ያስታውሳል። በጥናትም ቢሆን ማን የትኛው ቡድን እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠቅላላ ሥራው ገደል ገባ። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የሚያክምዎት ሐኪም ራሱ ምን እየወሰዱ እንደሆነ እንዳያውቅ የሚደረገው። ሲጠይቁት «አላውቅም» ቢልዎት እየሸወደዎት አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ የሚለየው የሚጀመርበት ጊዜ ብቻ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በተሠራ ጥናት እግራቸው በዝሆኔ ያበጠ 696 ሰዎች ነበሩ። ለግማሾቹ የእግር አጠባበቅ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ወዲያው ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ከ12 ወር በኋላ። በመጨረሻ ሁሉም አገኙ። በ2018 በታተመው ውጤት ወዲያው የጀመሩት ላይ እግር እያቃጠለ በትኩሳት የሚጥለው ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል። ሳሙናና ጫማ ጥናት ያስፈልገዋል ወይ የሚል ይኖራል። ያስፈልገዋል። ማስረጃ በሌለው ነገር ላይ በጀት የሚመድብ መንግሥት የለም።

«ደማችንን ይሸጡታል»

ለጥናት ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ደም ለመለገስ ሲሄዱ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣሉ። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። በሻይ ማንኪያ ደም ገበያ የወጣ ነጋዴ አላየሁም።

ናሙና ወደ ውጭ መላኩ ግን እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይላካል። የሚላከው በጽሑፍ ውል ነው፤ ምን እንደሚሠራበት፣ የት እንደሚቀመጥ ይጻፋል። ይህ በስምምነት ፎርሙ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ካላዩት ጠይቁ።

«ከፈረምክ መውጫ የለህም»

አለ። ዛሬ ፈርመው ነገ «በቃኝ» ማለት ይችላሉ፤ ምክንያት አይጠየቁም፣ መደበኛ ሕክምናዎም አይቋረጥም። ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ይነበብለታል፣ ከዚያ በጣቱ ያትማል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ አይደለም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፊት «እምቢ» ማለት ለኛ ሰው ነውር ይመስለዋል። አንገት ደፍቶ ይፈርማል፣ ከዚያ በቀጠሮው ቀን ይጠፋል። ከመጥፋት «አልፈልግም» ማለት ለጥናቱም ይሻላል።

«ሐኪም ያልገባው በሽታ እርግማን ነው፣ ወይም የዘር ነው»

ያው ዝሆኔ ጥሩ ማሳያ ነው። ከደጋ መጥቶ በከተማው ዳር ቀን ሥራ የሚሠራ እግሩ ያበጠ ሰው ብናይ ብዙዎቻችን ራቅ እንላለን። በደጋማው አገራችን ብዙ የሚታየው ዓይነት ግን በወባ ትንኝም በተላላፊ ተሕዋስም አይመጣም። ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነገሩን ከእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ጋር አያይዞ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲኬድ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ይገባና ውስጡን ያስቆጣል። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ «የዘር ነው» የሚለው ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው? አይደለም፣ ነገሩ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። በ2012 የታተመ፣ ወላይታ ላይ የተሠራ ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለአፈሩ የበለጠ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ያው አፈር የረገጠ ሁሉ የማይታመመው ለዚህ ነው። ግን ተጋላጭ የሆነውም ሰው ከልጅነቱ ጫማ ካደረገ አይታመምም። «ዘራቸው ነው» ብሎ ጋብቻ መከልከል ከዚህ በኋላ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ሌላም አለ። በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት እግራቸው ያበጠ ሰዎች ወደ ሆስፒታሎች ይመጡ ጀመር። ከአንድ ቤት ብዙ ሰው ሲታመም «ቤቱ ተረገመ» ለማለት ይቀላል። ሲጣራ ጣጣው ከምግብ ዘይት ሆነ። ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ አረም ፍሬው ከቅባት እህሉ ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

«አንድ ሰው ዳነ ማለት መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው»

በኮሮና ጊዜ ፌጦ በሎሚ ያልጠጣ ማን አለ? የጠጣው አብዛኛው ዳነ። ያልጠጣውም አብዛኛው ዳነ። ስለዚህ ፌጦው ምን እንደሠራ ከዚህ ብቻ አይታወቅም። ደግሞ ጠጥቶ የሞተ ሰው ለቅሶ ቤት ሄዶ «ፌጦ ነበር የወሰደው» የሚል የለም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ፤ የአንድ ሰው ታሪክ ምንም ዋጋ የለውም የሚለው። ይሄኛው የተማረው ሰው ስህተት ነው። በ1961 አንድ አውስትራሊያዊ ሐኪም ታሊዶማይድ የተባለ የማቅለሽለሽ መድኃኒት የወሰዱ እናቶች እጅና እግራቸው ያልተሟላ ልጆች እንደወለዱ አጭር ደብዳቤ ለሕክምና መጽሔት ጻፈ። በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣቶች እንግዳ የሆነ የሳንባ ምች ያዛቸው፤ ስለ ኤድስ የተጻፈው የመጀመሪያው ሪፖርት ያ ነበር።

ከእኛም አለ። የሥጋ ደዌ ለብዙ ዓመታት ዳፕሶን በሚባል አንድ ክኒን ብቻ ይታከም ነበር። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒቱን እየዋጡ የማይሻላቸው ሰዎች ተገኙ። በ1977 ደግሞ ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ ታካሚዎች ክኒኑን የተላመደ፣ ማለትም ክኒኑ የማይበግረው፣ ባክቴሪያ እንደያዛቸው ከኢትዮጵያ ተዘገበ። ይህ ከሌሎች አገሮች ማስረጃ ጋር ተደምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 በአንድ መድኃኒት ማከም ይብቃ፣ በጥምር ይሁን አለ። ዛሬ ሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር ሕክምና ይድናል። ያን ጊዜ ሐኪሙ «ክኒኑን አልዋጥህም መሰለኝ» ብሎ ተቆጥቶ ቢያልፋቸው ኖሮ ጉዳዩ ተዳፍኖ ይቆይ ነበር።

«የባህል መድኃኒት ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

ኮሶ ተፈጥሯዊ ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እንደሚጎዳ ግን ሐኪሞች ከጻፉት ቆይተዋል። በትግራይ ታህታይ ቆራሮ ወረዳ ሆድ እያሳበጠ ጉበት የሚገድለው በሽታም መርዙ የመጣው ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም ነው። አረምም ተፈጥሮ ነው።

ሳይንስ የባህሉን ይንቃል የሚለውም ቢሆን እንዶድን ይረሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ውስጥ ወንዝ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዋ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ናት። እንዶድን ለዘመናት ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱ ግን ወደ ላቦራቶሪ ወሰደው።

«ሐኪም ስለ እኔ ከጻፈ ማንነቴ ይወጣል»

እንግዳ ሕመም ያለበትን ታካሚ ታሪክ ሐኪሞች በመጽሔት ያሳትማሉ። ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ሰፈር አይጻፍም፤ የታካሚው ፈቃድም ይጠየቃል። በዚህኛው ግን ፍርሃቱ ትንሽ ልክ ነው ባይ ነኝ። ሕመሙ በጣም ብርቅ ከሆነ ጎረቤት ሊለይዎት ይችላል። በፎቶው ዓይን ላይ ጥቁር መስመር ማስመርም ሰውን እንደማይደብቅ መጽሔቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አንዴ ከታተመ ከኢንተርኔት ላይ ለቅሞ መመለስ አይቻልም። «የሚወጣውን ፎቶና ጽሑፍ አሳዩኝ» የሚባለው ከመፈረም በፊት ነው።