«ከመሃል ጀምር፣ ምንም አይልህም» እና ሌሎች የጋራዥ ወሬዎች

አሜሪካ ውስጥ የተተኮሰ ቀለህ ለቅሞ ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት የተለመደ ነገር ነው። የእኛም ሰዎች ጥይት በተወደደ ቁጥር ማሽን ገዝተው ጋራዥ ውስጥ ይተክላሉ። ማሽኑን መልመድ አያስቸግርም። ጣጣው የመጀመሪያው የባሩድ ልክ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ተኩስ ሜዳ የሚወራው ለጉድ ነው።

ቶሎ ቶሎ የምሰማው «ለናይን ሚሊሜትር ይህን ያህል ግሬይን በቂ ነው» የሚል ነው። ናይን ሚሊሜትር የሽጉጥ ጥይት ነው፣ ግሬይን ደግሞ ባሩድ የሚመዘንበት መለኪያ። ለናይን ሚሊሜትር ተብሎ የሚሰጥ አንድ ልክ የለም። ልክ የሚወጣው ለተወሰነ ባሩድ፣ ለተወሰነ የአረር (ከአፈሙዙ የሚወጣው ክፍል) ክብደትና ዓይነት፣ ለተወሰነ የተሞላው ጥይት ጠቅላላ ርዝመት ነው። አረሩ ከእርሳስ ወደ መዳብ ለበስ ከተቀየረ የምታነበው ሰንጠረዥም ይቀየራል። ግሬይን ደግሞ ትንሽ ነገር ናት፤ አንድ ፓውንድ ለመሙላት 7,000 ያስፈልጋል። 5 ግሬይን በሚገባበት ቀለህ ላይ ግማሽ ግሬይን መሳሳት 10 ከመቶ መሳሳት ነው። ጓደኛህ በቴክስት የላከልህ ቁጥር ለእሱ ሽጉጥ ሠርቶ ይሆናል፣ ያንተን ግን አያውቀውም። ባሩድ አምራቾቹ በላብራቶሪ ለክተው መነሻና ጣሪያ ያወጣሉ፣ ድረ ገጻቸው ላይም በነጻ አለ። ከዚያ ውሰድ።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ይኼኛው ነው። «ከመሃል ጀምር፣ ከበዛ መለኮሻዋ ጠፍጠፍ ትላለች፣ ያኔ ትቀንሳለህ።» መለኮሻ የምለው ከቀለሁ ግርጌ ያለችውን፣ መርፌው የሚመታትን ክብ ነገር ነው። ምክሩ ከጠመንጃ የመጣ ነው፣ እዚያም ቢሆን እምነት አይጣልበትም። ሽጉጥ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ለምን መሰለህ? 38 ስፔሻልና 357 ማግነም የሪቮልቨር (የባለ ከበሮ ሽጉጥ) ጥይቶች ናቸው። የ38 ስፔሻል የግፊት ጣሪያ 17,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። የ357 ማግነም 35,000 ነው። ሁለቱም ግን የሚጎርሱት ያችኑ ትንሿን የሽጉጥ መለኮሻ ነው። እንግዲህ የ38ቱን ግፊት እጥፍ ብታደርገው መለኮሻዋ ምን ብላ ታስጠነቅቅህ? እሷ ያንን ግፊት በ357 ለምዳዋለች። የአሮጌው ሪቮልቨርህ ከበሮ ነው ያለመደው።

«እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ በጣም አሳንሼ ልጀምር፣ ያነሰ አይጎዳም» የሚልም አለ። ይጎዳል። አንድ ቀን ከጎኔ የሚተኩስ ሰውዬ ነበር፣ ሪቮልቨሩ እንደወትሮው በመጮህ ፈንታ «ጢስ» ብላ ዝም አለች። ወረቀቱ ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። ቃታውን ሊደግም ሲል ጮህኩበት። ጥይቶቹን አውጥተን በአፈሙዙ የእንጨት ዘንግ ብንሰድ መሃል ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። ባሩዱ አንሶ አረሩ በርሜል ውስጥ ተቀርቅሯል። ቢደግመው ኖሮ ሁለተኛው ከኋላው ገብቶ በርሜሉን ያሳብጠው፣ ሲብስም ይሰነጥቀው ነበር። ሰውዬው ያን ቀን ሌላ አልተኮሰም፣ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ከጣሪያው 10 ከመቶ መቀነስ የሚባለው ነገር እውነት አለው፣ ግን ለሁሉም አይሠራም። ሰንጠረዡ ጣሪያ ብቻ ሰጥቶ መነሻ ካላስቀመጠ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይኸው ነው። ኤች 110 እና ዊንቸስተር 296 የሚባሉት ባሩዶች ላይ ግን አይሞከርም። ሁለቱንም የሚሸጠው ሆጅደን ከ3 ከመቶ በላይ እንዳትቀንሱ ይላል፤ ባሩዱ ሲያንስ በወጉ አይቀጣጠልምና።

«ስማቸው ከተመሳሰለ ባሩዱም አንድ ነው» ማለት የባሰ ነው። ዩኒክ እና ዩኒቨርሳል በስም እህትማማች ይመስላሉ፣ ግን የየራሳቸው አምራች ያላቸው ሁለት የተለያዩ ባሩዶች ናቸው። ኤችፒ 38 እና ዊንቸስተር 231 ደግሞ በስም አይገናኙም፣ ውስጣቸው አንድ ነው! (ገበያው ሆን ብሎ ሰው ለማደናገር የቆመ ነው የሚመስለው።) እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ከአንድ ጠርሙስ በላይ አላስቀምጥም። ባሩዶች በሚነዱበት ፍጥነት የተደረደሩበትን ሰንጠረዥ አይቶ «ጎረቤቱ ነው» ብሎ መተካትም ያው ነው።

አረሩን ትንሽ ጠለቅ አድርጎ መጫን ምንም አይደለም ይላሉ። ናይን ሚሊሜትር ቀለሁ ጠባብ ነው፣ አረሩ በሰመጠ ቁጥር ባሩዱ የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ሽቅብ ይወጣል። ልኩ ሳይነካ ማለት ነው።

የአባት መጽሐፍ ላይ ያለ የድሮ ልክስ? ለትዝታ ይቀመጥ፣ አዲሱን እይ።

38 ስፔሻል የምትሞላ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ቀለሁ ከጥቁሩ፣ ጭሳሙ ባሩድ ዘመን የተረፈ ስለሆነ ለዛሬው ባሩድ በጣም ሰፊ ነው፣ ሁለት ጊዜ ብትጨምርበት እንኳ አይፈስም፣ ከላይ ስታየው ምንም አይመስልም። ስለዚህ መነሻውን ልክ በሚዛን አረጋግጬ፣ መጀመሪያ አሥር ብቻ እሞላለሁ። አረር ከመጫኔ በፊት አሥሩንም በእንጨት መደርደሪያው ላይ አቁሜ በባትሪ ወደ ውስጥ አያለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አሥሩንም ገልብጬ እንደገና ነው።