አንብቦ ማውራት፦ ቡክ ክለብ፣ የንባብ ክበብ ምናምን ስለሚባለው ነገር

መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ተሰብስቦ ስለሱ ማውራት ስሙ ብዙ ነው፣ የመጽሐፍ ውይይት ይሉታል፣ የንባብ ክበብ ይሉታል፣ አሁን አሁን ደግሞ ቡክ ክለብ። ያው ነገሩ አንድ ነው፣ ጥቂት ሰዎች ተስማምተው መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ ለየብቻ ያነባሉ፣ ቀን ቆርጠው ይገናኛሉ፣ በቃ። አስተማሪ የለም ፈተና የለም፣ ከክፍል የሚለየው በዚህ ነው። ከተራ ጨዋታ የሚለየው ደግሞ መጽሐፉ እዛው ስላለ ነው፣ አንዱ «ኧረ እንደዛማ አይልም» ካለ ገልጦ ማየት ይቻላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የውይይቱ ጉልበት ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ገልጦ ማየት ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ ያነበብነውን እንደነበረ ስለማንይዘው ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ሳይኮሎጂስት ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 ባሳተመው ሥራ ለሰዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ያስነብብና ቆየት ብሎ እስቲ ድገሙት ይላቸዋል፣ እነሱም ግራ የገባቸውን እየዘለሉ፣ የማያውቁትን በሚያውቁት እየቀየሩ ነው የነገሩት፣ ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ፣ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። ሆን ብለው እኮ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ትታው ነው የሄደችው»፣ «አይ አባሯት ነው» እየተባባሉ ሲሟገቱ ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚሉት፣ ገጹ ካልተገለጠ ደግሞ እስኪነጋ አይላቀቁም።

ማውራቱ ለማስታወስም ይጠቅማል። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ታዋቂ ጥናት አለ፣ አንድን ጽሑፍ ደግሞ ያነበበ ሰውና ሳያይ ለማስታወስ የሞከረ ሰው ሲወዳደሩ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያነበበው ይበልጣል፣ ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጥና ለማስታወስ የታገለው ይበልጣል። ውይይት ላይ የምናደርገው ይሄንኑ ነው፣ ከጭንቅላታችን ፈልፍለን ማውጣት።

ታሪኩ ረጅም ነው፣ የፓሪስ ሳሎኖች የሚባሉት (ሰው ቤት ተሰብስቦ ስለ መጽሐፍና ስለ ሐሳብ የሚወራባቸው) ከ1600ዎቹ ጀምሮ አሉ፣ እነሱን ልለፋቸውና እኔን የሚገርመኝ በኋላ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ግሩፕ ነው። በ1727 ፊላደልፊያ ውስጥ ጃንቶ የሚባል ማኅበር አቋቋመ፣ አርብ ማታ እየተገናኙ ይከራከራሉ፣ ክርክራቸው ላይ መጽሐፍ እየጠቀሱ ስለሚያወሩ ለምን መጽሐፎቻችንን አንድ ላይ አናስቀምጥም ተባለ፣ ከዛ ሐሳብ ተነስቶ በ1731 በአባላት መዋጮ የሚንቀሳቀስ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። ማለትም ብዙ ሰው ቤተ መጻሕፍት ቀድሞ ውይይት የሚከተል ይመስለዋል፣ እዚህ ግን ወሬው ነው ቤተ መጻሕፍቱን የወለደው። ሌላ ደስ የሚል ደንብም ነበራቸው፣ «እኔ ያልኩት ብቻ ነው ልክ» ዓይነት አነጋገርና ሰውን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ክልክል ሆኖ አነስተኛ ቅጣት ያስከፍል ነበር። ይሄ ደንብ ዛሬ ቢኖር አንዳንድ ግሩፖች ከቅጣት ገንዘብ ብቻ ሕንጻ ይሠሩ ነበር።

አንብቦ ማውራት ግን ሁልጊዜ በሰላም የታለፈ ነገር አይደለም። አን ሀችንሰን የምትባል ሴት በ1630ዎቹ ቦስተን ውስጥ ቤቷ ሰው እየሰበሰበች ስለተሰበከው ስብከትና ስለ ቃሉ ታወያይ ነበር፣ ከዛ ሰባኪዎቹንም መተቸት ስትጀምር በ1637 ፍርድ ቤት አቁመው ከግዛቱ እንድትባረር ፈረዱባት። ኩባ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከ1865 ጀምሮ የሲጋር ፋብሪካ ሠራተኞች ከደሞዛቸው አዋጥተው አንባቢ ይቀጥሩ ነበር፣ እነሱ ትምባሆ ሲጠቀልሉ እሱ ጋዜጣና መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ የወደዱት ቦታ ሲደርስ በያዙት መቁረጫ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ፣ ጭብጨባቸው ይሄ ነው። ታዲያ ዓመት ሳይሞላው በ1866 የቅኝ ገዢው አስተዳደር ንባቡን ከለከለ፣ በኋላ ግን ተመልሶ ከዘመን ዘመን ተሻግሯል። መጽሐፉን ማንም ለብቻው ቢያነበው ብዙም አይገዳቸውም ነበር መሰለኝ፣ ያሰጋቸው አንድ ክፍል ሙሉ ሰው እኩል ሰምቶ እኩል ማውራቱ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ መልክ ያዘ። በ1947 አሜሪካ ውስጥ ግሬት ቡክስ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ የማወያያ ዘዴ አስፋፋ፣ ዋናው ነገሩ አወያዩ መልስ አይሰጥም፣ ይጠይቃል ብቻ፣ ያውም መልሱን ራሱ እርግጠኛ ያልሆነበትን ጥያቄ። ያላነበበ ሰው አስተያየት አይሰጥም፣ ክርክሩም ከጽሑፉ አይወጣም። በ1996 ኦፕራ ዊንፍሬ በቲቪ ሾዋ ላይ የመጽሐፍ ክለብ ስትጀምር ደግሞ የመረጠቻቸው መጽሐፎች ሽያጭ ጣራ ነካ፣ አሳታሚዎችም የአንባቢ ወሬ ገበያ መሆኑን በደንብ አዩት።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ ቁጥር ወሳኝ ነው፣ ከ5 ካነሱ ሁለት ሰው የቀረ ቀን ፕሮግራሙ ይፈርሳል፣ ከ12 ከበለጡ ግማሹ ታዳሚ ብቻ ይሆናል። ጥያቄው ደግሞ ከቁጥሩም ይብሳል። «ወደዳችሁት?» ተብሎ ከተጀመረ «አዎ አሪፍ ነው» ይባልና ያልቃል፣ «ደብዳቤው እጁ ከገባ በኋላ ለምን አላቃጠለውም?» ተብሎ ከተጀመረ ግን ዝምተኛውም ሰው ሳይቀር መጽሐፉን ማገላበጥ ይጀምራል፣ አንዱ አላስቻለውም ይላል፣ ሌላዋ ቆይ ገጽ 140 ላይ እኮ እሳቱ ጠፍቷል ትላለች፣ በቃ ሞቀ። ሁሉም የወደደው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ለውይይት አይሆንም፣ ግማሹ የወደደው ግማሹ የጠላው ነው የሚመረጠው።

ችግሮቹ የትም ግሩፕ ውስጥ አንድ ናቸው፣ ማይክ የማይለቅ ሰው፣ ሳያነብ ፊልሙን አይቶ የሚመጣ ሰው፣ መጽሐፉን ትቶ ስለ ራሱ ሕይወት የሚያወራ ሰው (ትንሽ ሲሆን ደስ ይላል፣ ሲበዛ ግን መጽሐፉ ይረሳል)። ለማይክ ነጣቂው የሚሠራው መድኃኒት ዙር ነው፣ መጀመሪያ ሁሉም በየተራ አንድ አንድ ደቂቃ ይናገራል፣ ክርክር ከዛ በኋላ።

ኦንላይን ሲሆን ቦታና ሰዓት መግጠሙ ይቀላል፣ ግን ሁሉም እኩል ስለማያነብ ስፖይለር፣ ማለትም ሌላው ያልደረሰበትን ታሪክ ቀድሞ መናገር፣ ትልቁ ጠብ ነው፣ ስለዚህ «ዛሬ እስከ ምዕራፍ 10 ብቻ» ብሎ መቁረጥ የግድ ነው። ከ2007 ጀምሮ ያለው ጉድሪድስ የሚባለው የአንባቢዎች ድረ ገጽም ብዙ አንባቢ ሰብስቧል፣ በ2013 አማዞን ገዝቶታል፣ እዛ ግን የሚበዛው ኮከብ መስጠት ነው፣ ኮከብ ደግሞ መልስ አይሰጣችሁም። ጭራሽ ማውራት ለሚከብደው በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረ ሳይለንት ቡክ ክለብ የሚባል አለ፣ ሁሉም የየራሱን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ ዝም ብሎ ያነባል፣ ማውራት የፈለገ በኋላ ያወራል።

ደራሲው ራሱ ሲጋበዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሰው ሁሉ ጨዋ ይሆናል፣ ባለፈው ሳምንት «መጨረሻው ተበላሽቷል» ያለው ሰውዬ ሳይቀር ተነስቶ ምስጋና ያቀርባል። ብልጥ አዘጋጆች ደራሲውን አንድ ሰዓት ዘግይተህ ና ይሉታል፣ እስከዛ አንባቢዎቹ የልባቸውን ያወራሉ፣ ሲገባ ያላስማማቸውን ጥያቄ ያቀርቡለታል።