ሥራን የሚሸልም ድጎማ ምንድን ነው?

«አሜሪካ በመንግሥት እርዳታ የሚኖሩ እናቶችን ሥራ አስገድዳ ልጆቻቸውን ወደ መልካም ለወጠች» የምትል አስተያየት ዘንድሮም አልቀረችም። ወዳጄ፣ ልጆቹን የለወጠው ግዴታው አይደለም።

ሥራን መሸለምና ሥራን ማስገደድ ለየቅል ናቸው። በድሮው የአሜሪካ አሠራር አንዲት እናት ሥራ ስትይዝ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እርዳታዋ ከሞላ ጎደል ዶላር በዶላር ይቀነስባት ነበር። አጭር ብርድ ልብስ በሉት። ወደ ትከሻ ሲስቡት እግር ይራቆታል፤ እግርጌ የተኙት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ግዴታ ብቻ ያለው ፕሮግራም «በርትተሽ ሳቢ!» ይላታል፣ ካልሳበች ይቀጣታል። ሥራን የሚሸልመው ግን ጨርቅ ይቀጥልበታል። ወይ እርዳታው ቶሎ አይነሳባትም፣ ወይ ደመወዟ ላይ ይጨመርላታል።

ይህ በወሬ የቀረ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤተሰቦችን በዕጣ እየመደቡ ሞክረውታል። ግዴታ ብቻ በነበረበት እናቶቹ ሥራ ያዙ፤ ደመወዙ ሲገባ እርዳታው ስለወጣ ግን የቤቱ ገቢ እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ልጆቹ ላይም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሥራ ተሸልሞ የቤቱ ገቢ ከፍ ባለበት ግን የትንንሾቹ ልጆች የትምህርት ውጤት ተሻሻለ። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት አንዱ ቡድን ሥራን የሚሸልመውን ማበረታቻ ያለ ግዴታ አገኘ። የልጆቹ መሻሻል በዋናነት የመጣው ከዚሁ ማበረታቻ ነው።

«ካናዳ ግን ተመሳሳይ ሙከራ ስታደርግ በሳምንት 30 ሰዓት ሥሩ ብላ የለ?» ትለኝ ይሆናል። ብላለች፣ ተጨማሪውን ገንዘብ ለሚፈልግ። ያልሠራች እናት መደበኛ እርዳታዋ አልተነካባትም። ይሄ ምኑ ነው ግዴታ?

አንተ ባትጠይቀኝም ስለ ታዳጊዎቹ ልንገርህ። እነሱ ዘንድ የትምህርት ውጤቱ ትንሽ ወረደ፤ በተለይ ታናናሽ ያሏቸው ላይ። ብርድ ልብሱ ረዝሞም ታላቅየው አልተኛበትም፤ እናት ሥራ ስትሄድ ታናናሾቹን ማን ይጠብቅ?

የትንንሾቹም መሻሻል ቢሆን መጠነኛ ነው፤ አማካይ ነው። ሚኒሶታ ላይ ስለ ልጆቹ የተናገሩት ራሳቸው እናቶቹ ናቸው። በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ በተደረገው ሌላ ሙከራ ደግሞ ከገንዘቡ ጋር የሕፃናት ማቆያና የጤና መድን ድጎማም ስለነበረ፣ የትኛው ምን እንደሠራ መለየት ያስቸግራል።