የዓይን ጥቆማ ምንድን ነው?

የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ፊት ለፊትዎ ያለው ሰው ድንገት ወደ ቀኝ ቢያይ፣ እርስዎም ዞር ይላሉ። «ምን አየ?» ብለው ሳይጨርሱ ዓይንዎ ሄዷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ጌዝ ኪዩይንግ ይሉታል፤ እኛ የዓይን ጥቆማ እንበለው።

የሚለካው በቀላል ሙከራ ነው። ስክሪኑ መሃል ላይ ፊት ይታያል፣ ዓይኖቹ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያያሉ፤ ከዚያ በአንዱ በኩል ፊደል ብቅ ሲል ተሳታፊው ቁልፍ ይጫናል። ፍሪዘንና ኪንግስቶን በ1998 እ.ኤ.አ. የተጠቀሙት ሕፃን የሣለው የሚመስል ክብ ፊት ነበር። ፊደሉ ዓይኖቹ ባዩበት በኩል ሲወጣ ሰዎች ቶሎ ይጫናሉ። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው፤ ዓይን ከማርገብገብ እንኳ ያጠረ። እኔን የሚገርመኝ ግን መጠኑ ሳይሆን እንቢ ማለት አለመቻሉ ነው። ድራይቨርና ባልደረቦቹ በ1999 «ፊደሉ የሚመጣው በብዛት በተቃራኒው በኩል ነው» ብለው አስቀድመው ተናገሩ። ሰዎቹ ይህን እያወቁም መጀመሪያ የተሳቡት ዓይኖቹ ወዳዩበት ነበር።

ታዲያ ፊቱ የፈራ ቢሆንስ? አደጋ አለ ማለት ነውና ይበልጥ ያፈጥነናል ብሎ መገመት ቀላል ነው። ሂየታነንና ሌፓነን በ2003 ሲፈትሹት የፊቱ ስሜት ለውጥ አላመጣም። በዚያው ዓመት ማቲውስና ባልደረቦቹ ደግሞ የፈራ ፊት ጥቆማ የሚበረታው ጭንቀታም በሆኑ ሰዎች ላይ መሆኑን አዩ። ስለዚህ «ፍርሃት ያፈጥናል» ብሎ በደፈናው መናገር አያስኬድም።

ጥያቄው ሲገለበጥ፣ ማለትም ስሜቱን ራሱን ለመለየት ስንት ጊዜ ይፈጃል ሲባል፣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አዳምስና ክሌክ እንዳሳዩት ቁጣና ደስታ ቶሎ የሚለዩት ፊቱ በቀጥታ ሲያየን ነው፤ ፍርሃትና ሐዘን ደግሞ ዓይኑ ወደ ሌላ ሲያይ። የቁጣውን ነገር ላቦራቶሪ ሳልገባ አውቀዋለሁ፦ እንግዶች ባሉበት ሁለተኛ ሥጋ ላነሣ እጄን ስሰድ እናቴ ካፈጠጠችብኝ፣ እጄ መሶቡ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ፍርሃት ግን ሌላ ነው። የፈራ ሰው ወደ ጎን ካየ የፈራው ነገር እዚያ አለ። በቀጥታ እርስዎን እያየ ከፈራስ? ምናልባት የፈራው እርስዎን ነው፤ ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ይፈጃል።