ሰርቪስ፣ ቅጥያ፣ ቆጥና ፎቅ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤትን ባለበት ማስፋት

በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ስለጠበበ ብቻ ሰፈር የሚለቅ ጥቂት ነው። ልጅ ያድጋል፣ እናት ከገጠር መጥታ እዚያው ትቀራለች፣ የበኩር ልጅ ትዳር ይይዛል፤ ከዚያ በግቢው ጥግ ድንጋይና አሸዋ ይራገፋል። በአያት፣ በጎሮ፣ በለቡ፣ በሃና ማርያምና በአቃቂ፣ ከከተማዋ ወሰን ወጣ ብሎም በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በገላን የተለመደ ነው። ጭማሪው ከግቢው ጀርባ ራሱን ችሎ ሲቆም ሰርቪስ፣ ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር ሲለጠፍ ቅጥያ፣ በጣሪያው ሥር ሲገባ ቆጥ፣ ከላይ ሲወጣ ፎቅ ይባላል። በአራቱም ውስጥ ብዙው ጉዳት የሚታየው አዲሱ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው።

ወረቀቱ

ቁፋሮ ሳይጀመር የሚታየው ካርታው ነው። የቦታው ስፋት በካሬ፣ የወሰን ነጥቦቹና የይዞታው ዓይነት፣ ነባር ይሁን ሊዝ፣ እዚያ ላይ ሰፍሯል። አጥሩ ከካርታው አልፎ ከቆመ (በዳርቻ ሰፈሮች ብርቅ አይደለም) በትርፉ መሬት ላይ የሚሠራ ክፍል ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ ግንበኛ ከመጠራቱ በፊት ወሰኑን በሜትር መለካት ግድ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያን በቀላሉ ምድብ፣ በምድብ «ሀ» አስቀምጧል። ሰርቪስና ቅጥያ በአብዛኛው እዚህ ይወድቃሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የእድሳት ፈቃድን ከግንባታ ፈቃድ ጋር ሲቀላቅል ነው። ቆርቆሮ መቀየርና ማለሳሰን እድሳት ነው፤ አዲስ መሠረት የሚቆፈርበት ሥራ ግን ግንባታ ነው። በእድሳት ወረቀት ክፍል የጨመረ ሰው ደንብ ማስከበር ሲመጣ የሚያሳየው ነገር የለውም። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን አሁን በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ጥያቄው የሚቀርበው ለዚያው አስተዳደር ነው። ክፍሉ ለኪራይ ከታሰበ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ለወንድም ልጅ የታቀደ ክፍል በኋላ ተከራይ ሊገባበት ስለሚችል፣ ሲነደፍ ጀምሮ የራሱ በር እንዲኖረው ማድረግ ይበጃል።

ሰርቪስ

ሰርቪስ በጀርባ አጥር በኩል በረድፍ የሚሠሩ፣ ጥልቀታቸው ከ3 እስከ 3.5 ሜትር የሆኑ ክፍሎች ናቸው። ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤትና የሠራተኛ ክፍል ሆነው ይጀምራሉ፤ ከጊዜ በኋላ ዕቃ ቤቱ መኝታ ቤት ይሆናል። ዋናውን ቤት ስለማይነኩ ከሁሉም አስተማማኙ ጭማሪ ይህ ነው።

ሁለት ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛው አጥሩን እንደ ግድግዳ መጠቀም ነው። አጥር ብዙ ጊዜ ባለ 15 ወይም ባለ 10 ሴ.ሜ. ውፍረት ብሎኬት በቀጭን መሠረት ላይ የተደረደረ ስለሆነ ጣሪያ መሸከም አይችልም፤ ሰርቪሱ የራሱ የጀርባ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ጠፈጠፍ ነው። ጣሪያው ወደ ራስ ግቢ እንዲያዘነብል በ3.5 ሜትር ጥልቀት ላይ ከኋላ 50 ሴ.ሜ. ያህል ከፍ ይላል፤ ጫፉ ላይ አሸንዳ ይገባል። ከአንድ ሐምሌ ጠፈጠፍ የተነሳ ዓመታት የሚዘልቅ የጎረቤት ኩርፊያ በየሰፈሩ አለ። የጀርባው ግድግዳ መስኮት ስለማይኖረው ክፍሉ እንዳይታፈን ከበሩ በላይ 20 በ40 ሴ.ሜ. የአየር መተንፈሻ ይተዋል፤ ከሰል የሚነድበት ከሆነ ደግሞ ጭስ ማውጫ የግድ ነው።

ጥቁሩ አፈር

የከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ ሰፊ ክፍል ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ጣት እስኪገባበት ይሰነጠቃል። ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣ ቀይ አፈርና ድንጋይ ስለሚበዛ ነገሩ ይቀላል።

የቅጥያ ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው። ነባሩ ቤት አሥርና አሥራ አምስት ክረምት አይቶ አፈሩን ተጭኖ ተቀምጧል። አዲሱ ገና መቀመጥ ይጀምራል። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ከተሰፉ ወይም በአንድ ቢም (አግድም የኮንክሪት ተሸካሚ) ከታሰሩ፣ አዲሱ ሲሰምጥ አሮጌውን ይጎትታል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል። ልስን ቢደረብበት በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል።

መፍትሔው ማሰር ሳይሆን መለየት ነው። ቅጥያው በራሱ አራት ኮለኖች (ቋሚ የኮንክሪት ምሰሶዎች) እና በራሱ ግሬድ ቢም (ከወለል ሥር የሚዞር ቢም) ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል 2.5 ሴ.ሜ. ያህል ክፍተት ይተውና በፎም ይሞላል። ከውስጥ በላሜራ ወይም በእንጨት ይሸፈናል፤ አንደኛው ጎን ብቻ ይቸነከራል፣ ሌላው ጎን ነፃ ሆኖ ይንሸራተታል። ሁለቱም ጎን ከተቸነከረ ክፍተቱ ምንም አልሠራም። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሱ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ሲሰሙ፣ ለክፍተቱ ሌላ ምክንያት ተጨመረለት፤ ከፍታቸውና ክብደታቸው የተለያየ ሁለት አካላት ሲወዛወዙ መጋጨት የለባቸውም።

ቁፋሮው ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ ይወርዳል። ከ1.5 ሜትር በላይ ጠልቆም ካልተገኘ ሥራው የመሐንዲስ ነው፤ የተለመደው ግን ጥቁሩን አውጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) ወይም በቀይ አሽ መተካት፣ በየ20 ሴ.ሜ. እያጠጡ መጠቅጠቅ ነው። ከአሮጌው መሠረት አጠገብ ከሥሩ ጠልቆ መቆፈር ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ርዝመት መክፈት አይፈቀድም። አንድ ሜትር ተቆፍሮ ይገነባል፣ አንድ ሜትር ይዘለላል፣ ከዚያ የተዘለለው ይቆፈራል።

ሠራተኞች የተቆፈረውን ጥቁር አፈር መልሰው ወለል ሥር ሲሞሉ ማየት የተለመደ ነው፤ የማጓጓዣ ገንዘብ ይቆጥባላ። ውጤቱ በነሐሴ ይታያል፦ ወለሉ መሃሉ ላይ ይነሳል፣ በሩም አልዘጋም ይላል። ጥቁር አፈር ከግቢ መውጣት አለበት። ከተሠራ በኋላም ውሃ ወደ መሠረቱ እንዳይገባ በዙሪያው 80 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት ይፈሳል። ባህር ዛፍም በቅርብ አይተከልም፤ እርጥበቱን ከሥር እየመጠጠ አፈሩን ያደርቀዋል።

አራት በአራት ቅጥያ ምን ይፈልጋል

ብዙ የሚሠራው 4 በ4 ሜትር ክፍል ነው፤ ሦስት ጎኑ አዲስ ግድግዳ፣ አራተኛው የነባሩ ቤት ግድግዳ። ቁመቱ 2.8 ሜትር፣ አንድ መስኮትና አንድ የውጭ በር ቢኖረው ከ30 ካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ግድግዳ ይወጣዋል። ለአንድ ካሬ ሜትር ስብራቱን ጨምሮ 13 ብሎኬት ቢታሰብ 400 ገደማ ባለ 20 ይበቃል። 50 ሴ.ሜ. ስፋትና አንድ ሜትር ቁመት ላለው የድንጋይ መሠረት 6 ሜትር ኩብ ግንብ፣ ለወለል 25 ሴ.ሜ. ሃርድኮር (የተደረደረ ድንጋይ) እና በላዩ 10 ሴ.ሜ. ኮንክሪት ይያዛል። ኮለኖቹ 20 በ20 ሆነው አራት ባለ 12 ሚ.ሜ. ፌሮ፣ በየ15 ሴ.ሜ. ባለ 8 ሚ.ሜ. ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስር ቀለበት) ይገባባቸዋል። ግሬድ ቢምና ቶፕ ታይ ቢም (በግድግዳው አናት የሚዞረው ቢም) ሲጨመሩ ባለ 12 ወደ 20 ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ)፣ ባለ 8 ወደ 18 ቤርጋ ይሆናል። ሲሚንቶው መሠረቱን፣ ኮንክሪቱን፣ ድርድሩንና የሁለት ጎን ልስኑን ይዞ 30 ኩንታል ያህል ነው። መሠረቱ ሲጠልቅ ድንጋዩና ሲሚንቶው አብረው ያድጋሉ፤ በዋልካ ላይ የሚሠራ ሰው በጀቱን ከላይ ሳይሆን ከመሬት በታች ቢጀምር ይሻላል።

ኮንክሪት በሳጥን ይለካል፦ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። «አራት ባሬላ ይበቃል» የሚለው ግምት ቀርቶ ሳጥኑ ቢቆም ይመረጣል። አሸዋው አፈር እንዳይበዛበት በጠርሙስ ይፈተሻል፤ ውሃ ተጨምሮ ከተናጠ በኋላ ሲረጋ፣ በ10 ሴ.ሜ. አሸዋ ላይ የሚቀመጠው ደለል ከ6 ሚ.ሜ. ከበለጠ መታጠብ አለበት። ሌላው ችግር ውሃ ነው። ለማፍሰስ እንዲቀል ተብሎ እንደ አጥሚት የቀጠነ ኮንክሪት ሲደርቅ ጥንካሬው ይወርዳል። ከተፈሰሰ በኋላ ደግሞ ውሃ የሚፈልገው ያኔ ነው፤ ጠዋትና ማታ ቢያንስ ለሰባት ቀን ይጠጣል። ሥራው በቁርጥ የተሰጠ ከሆነ ውሃ ማጠጣቱ የማን ሥራ እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የማንም አይሆንም።

ከነባሩ ቤት ወደ ቅጥያው በር ሲከፈት ሊንቴሉ (ከበሩ በላይ ያለውን ግድግዳ የሚሸከመው አግድም) መጀመሪያ ይገባል፣ ግድግዳው በኋላ ይፈርሳል። ሊንቴሉ በግራና በቀኝ ቢያንስ 20 ሴ.ሜ. ግድግዳ ላይ መተኛት አለበት። መስኮት ካለ ደግሞ በመስኮቱ በኩል መክፈት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ሊንቴሉ ቀድሞውንም አለ።

ጣሪያው

ቅጥያ የሚያፈሰው በመሃሉ ሳይሆን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር በሚጋጠምበት ነው። ኢጋ ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በሲሚንቶ መድፈን አንድ ክረምት አይሻገርም፤ ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሲሚንቶው ይላቀቃል። ግድግዳው ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ. ይፈለጣል፣ የታጠፈ ላሜራ ጫፉ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ቀሪው በቆርቆሮው ላይ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ. ይወርዳል። የነባሩ ቤት ጣሪያ በቅጥያው ላይ የሚያፈስ ከሆነ ከላይኛው አሸንዳ የሚወርደው ቱቦ እስከ መሬት ይዘልቃል እንጂ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ አይለቀቅም። ከኮርኒስ በላይ ያለው ክፍት ቦታም ከጎን አየር ይሰጠው፤ ካልሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይንጠባጠባል።

ነባሩ ቤት የጭቃ ሲሆን

በባህር ዛፍ ምሰሶ፣ በማገርና ከጤፍ ጭድ ጋር በቦካ ጭቃ የተሠራ ቤት ሲቀጠል ሁለት ነገር ይታወስ። የአዲሱ ጣሪያ ሞራሌ (የእንጨት ተሸካሚ) ወይም ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) በጭቃው ግድግዳ ላይ አይጫንም። የአዲሱ ወለልም ከአሮጌው ከፍ አይልም፤ ከፍ ካለ ውሃው ወደ ምሰሶዎቹ እግር ይሄዳል፣ እርጥበቱም ምስጥ ይጠራል።

ቆጥና ፎቅ

ቆጥ ርካሹ ነው፣ ግን ቁመት ይፈልጋል። ከሥሩ ቆሞ ለመሄድ 2.1 ሜትር፣ ለቆጡ እንጨት 20 ሴ.ሜ.፣ ከላይ ቢያንስ ለመቀመጥ 1.2 ሜትር ሲደመር 3.5 ሜትር ነው። ኮርኒሱ ከተነሳና ጣሪያው ጎበጥ ካለ መሃሉ ላይ ይገኛል፤ ለልጆች መኝታ ወይም ለዕቃ ይሆናል። በቀን ቆርቆሮው ሥር ይሞቃል፣ በሌሊት ይበርዳል፤ ስለዚህ ከቆርቆሮው በታች ቺፑድ ወይም ጂፕሰም ይለበጣል።

ፎቅ ሌላ ሂሳብ ነው። 15 ሴ.ሜ. የኮንክሪት ስላብ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ይመዝናል፤ ለ16 ካሬ ሜትር ብቻ 60 ኩንታል፣ ገና ግድግዳ ሳይኖረው። በብዙ ግቢ ጣሪያ ላይ «ለወደፊት» ተብለው የቆሙ ፌሮዎች ይታያሉ። የእነሱ መኖር መሠረቱ ፎቅ ይችላል ማለት አይደለም። አንድ ኮለን አጠገብ ተቆፍሮ የፉቲንጉ (ከኮለኑ ሥር ያለው የመሠረት እግር) ስፋትና ጥልቀት በመሐንዲስ ይታያል። ፌሮዎቹ በብረት ብሩሽ ይፈገፈጋሉ፤ ዝገቱ ውፍረታቸውን ከበላ አይቆጠሩም። አዲሱ ባለ 12 ፌሮ ከአሮጌው ጋር ቢያንስ 60 ሴ.ሜ. ተደራርቦ ይታሰራል። መሠረቱ ደካማ ሆኖ ከተገኘ በቱቦላሬ ክፈፍና በቀላል ፓነል የሚሠራ ላይኛ ክፍል አማራጭ ሆኖ ይቀራል፤ ክብደቱ ከኮንክሪቱ ጋር አይነጻጸርም።

ኮንዶሚኒየም

በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በጀሞ ነገሩ የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የውጭ ግድግዳው፣ ደረጃውና ግቢው የጋራ ናቸው፤ ምድር ላይ ያለ ነዋሪ ወደ ግቢው ክፍል ማውጣት የሌሎቹን ድርሻ መውሰድ ነው። ውስጡን ግን ማሰናዳት ይቻላል፦ በኮለኖች መካከል ያለው ቀጭን የብሎኬት ክፍልፋይ ሸክም ስለሌለው ሊነሳ ይችላል፤ ኮለንና ቢም አይነኩም። ወለሉ በተዘጋጁ ቢሞችና በብሎኬት የተሠራ ስለሆነ አዲስ የብሎኬት ግድግዳ እንዳሻ አይቆምበትም፤ አግሮስቶን (ቀላል የግድግዳ ሰሌዳ) ወይም ጂፕሰም ይሻላል።

መብራትና ፍሳሽ

አዲሱ ክፍል ማድ ቤት ከሆነ የእንጀራ ምጣዱ ብቻ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት፣ ማለት 16 እስከ 18 አምፔር ይስባል። ከዋናው ቤት ሶኬት በ2.5 ካሬ ሚ.ሜ. ሽቦ መሳብ ሽቦውን ያሞቃል፣ መገጣጠሚያውን ያቃጥላል። ከቆጣሪው ቦርድ በቀጥታ ባለ 6 ካሬ ሚ.ሜ. ሽቦ በቱቦ ተቀብሮ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው ንዑስ ቦርድ ላይ ይደርሳል።

መጸዳጃ ቤት ሲጨመር 110 ሚ.ሜ. ቱቦ በ10 ሜትር ላይ 20 ሴ.ሜ. ይወርዳል፤ በየመታጠፊያው መክፈቻ ጉድጓድ ይኖራል። ጥቁር አፈር ውሃ ስለማያሰርግ የሴፕቲክ ታንኩ ማስረጊያ በክረምት ይሞላል፤ ክፍሉ ሲታቀድ የመጣጭ መኪናው ቱቦ የሚያልፍበት መንገድ በግንብ እንዳይዘጋ ይታይ።

መሠረቱ በጥቅምት ተጀምሮ ጣሪያው ከሰኔ በፊት ቢመታ ይመረጣል። የመጨረሻው ልስንና ቀለም ግን አንድ ክረምት ቢቆይ ጥሩ ነው። ስንጥቅ ከታየ ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀን ይጻፍበት፤ ከሁለት ወር በኋላ ምልክቱን ካለፈ መሠረቱ ገና አልረጋም፣ ቀለም ቀቢውም ይጠብቅ።