ስለ ሉተራዊ እምነትና ስለ ዕለት ኑሮ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ግቢ ከሙስሊምና ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶች ጋር ቡና እየተጠራራን ስለምንኖር፣ የሉተራዊቷ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደመሆኔ ስለ እምነቴ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ተደጋግመው የሚነሡት አመለካከቶች እነዚህ ናቸው።

«ሉተራን ማለት ሉተርን የሚያመልክ ነው።» የጀርመኑ የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1522 ሰዎች ስሙን ትተው ክርስቲያን ብቻ እንዲባሉ ለምኗል፤ በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በስሙ አትጠራም። ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እ.ኤ.አ. በ1534 ጀርመን አገር ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ እምነት መነጋገሩን ስነግራቸው ብዙዎች ይደነቃሉ።

«ሕፃን አያጠምቁም፤ ቁርባኑም መታሰቢያ ብቻ ነው።» ሁለቱም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራውያን የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ ሕፃናት እንዲጠመቁ፣ የክርስቶስ ሥጋና ደምም በቁርባኑ በእውነት እንዳለ ይመሰክራል።

«በእምነት ብቻ ከዳኑ መልካም ሥራ ምን ያደርግላቸዋል?» ከራሳችን መካከልም ትምህርቱን የስንፍና መሸፈኛ የሚያደርግ ስለማይጠፋ፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጬ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ሉተር ያስተማረው ሰው መልካም በመሥራቱ እንደማይጸድቅ፣ በእምነት የጸደቀ ሰው ግን መልካም ከመሥራት እንደማይቆጠብ ነው፤ መዳኑን በሥራው መግዛት የማያስፈልገው ሰው ጉልበቱ ለባልንጀራው ይተርፋልና። እ.ኤ.አ. በ1529 የታተመው የሉተር የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ትንሹ ካቴኪዝም፣ «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ በተበላሸ ዕቃና በማታለል የሰው ገንዘብ እንዳንወስድ ከከለከለ በኋላ የባልንጀራችንን ንብረት እንድንጠብቅለት ያዝዛል። ስለዚህ ከፊራ ገበያ ላይ የፈረጠውን ቲማቲም ከሥር፣ ደህናውን ከላይ አድርጎ የሚሸጥ ምእመን ትእዛዙን አፍርሷል፤ ገዢው የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ቢሆን።

«መንፈሳዊ ሥራ የቄስ ነው፤ የእኛ የዓለም ነው።» ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ስለ ጋብቻ ሲጽፍ፣ አባት የልጁን የሽንት ጨርቅ በእምነት ሲያጥብ ሰው ቢስቅበት እንኳ እግዚአብሔር ከመላእክቱ ጋር ደስ እንደሚሰኝ ተናግሯል። የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደች ሰሞን፣ ከሙቀቱ በፊት ማልጄ በራፋችን ላይ ጨርቅ ሳጥብ ያገኙኝ አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ ሚስትህ ታማለች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና መሆኗን ነግሬያቸው ማጠቤን ቀጠልሁ።

«ዓለም ነገ እንደምትጠፋ ባውቅ ዛሬ የፖም ዛፍ እተክላለሁ» የሚለው አባባል፣ በስሙ ቢጠቀስም፣ በሉተር ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም።

«አማኝ ስለ ሥጋው አይጸልይም።» ካቴኪዝሙ «የዕለት እንጀራችን» የሚለውን ሲተረጉም ምግብን፣ ልብስን፣ ጫማን፣ ቤትን፣ መልካም የአየር ጠባይንና ታማኝ ጎረቤቶችን ይቆጥራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት ከጠረገ ወዲህ፣ በከተማችን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በቸልታ የሚያልፋቸው ያለ አይመስለኝም። በቤታችን በየማታው ደመናውንም ጎረቤቶቻችንንም በስም እየጠራን እንጸልያለን።